ደረሰኝ የሌለው ክትትል፦ ነፍሰ ጡርንና አራስን ከሩቅ የመጠበቅ ታሪክ፣ እኛም የጁባዎቹ

ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ጉደሌ የምትኖር የአገሬ ልጅ ናት፤ ከወለደች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ራሷን ከዚህ በፊት አሟት በማያውቅ ሁኔታ እየፈለጣት እንደሆነና ዓይኗን እንደሚያጥበረብራት ነገረችኝ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ እያፈላለጉ ነበር። እኔ ዘንድ ለእናቴ ብዬ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያ ስለነበር ባሏ በቦዳ ቦዳ መጥቶ ወሰደው። ሲለኳት የወጣውን ቁጥር በስልክ አነበቡልኝ፦ 172 በ112። እኔ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ አላውቅም። አዲስ አበባ አዋላጅ ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ ስላለችኝ ለእሷ ደወልኩ። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ ነገ አትበሉ» አለች። የወሰዷት ክሊኒክ ከመንካቱ በፊት ማስያዣ በዶላር ጠየቀ። ከአራት ሰው ተለቃቅሞ ተከፈለ። ልጅቷ ዳነች፤ ልጇም ዛሬ ይድሃል።

በዚያ ምሽት ሦስት ሴቶች በስልክ የሠራነው ሥራ በሐኪሞቹ አነጋገር «የርቀት የጤና ክትትል» ይባላል። ሥራው ሰው አድኗል፤ ግን የትም መዝገብ ላይ የለም፤ ማንም አልከፈለበትም፣ ማንም ደረሰኝ አልቆረጠበትም። እኔ የተማርኩት ንግድ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ከሂሳቡ በኩል ነው፦ ነፍሰ ጡርንና አራስን የመጠበቁን ሥራ በየዘመኑ ማን ሠራው? ማንስ ከፈለው? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጠበቁ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትናው እስኪደርስ ድረስ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ውኃ የሚያሞቅ፣ አጠገቧ የሚተኛ ሰው አለ። ምጥ ሲጠና ደግሞ ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ይወጣል፤ በብዙ የገጠር ቀበሌ የቃሬዛ ማኅበር ነበር፣ ተጠርቶ የቀረ ይቀጣል። ይህ በእኔ ዓይን መድህን ነው፤ መዋጮው ጉልበት ነው እንጂ። የጎደለው መለኪያ ነው። ደም ሲፈስ ይታያል፣ ትኩሳት በእጅ ይዳሰሳል፤ የደም ግፊት ግን እንዲህ አይታወቅም። እናቶቻችን ሴትየዋ አንቀጥቅጧት ስትወድቅ ነው የሚያዩት።

በሐኪም ቤት ደረጃ የመጀመሪያው መላ ሴትየዋን ማቅረብ ነበር። ጉራጌ ውስጥ ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1970ዎቹ የእናቶች ማቆያ አቋቋመ። አወላለዷ ያሰጋል የተባለች ሴት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቀመጣለች፤ አዋላጆች በየጊዜው ያዩዋታል፣ ምጥ ሲመጣ ጥቂት እርምጃ ተራምዳ ማዋለጃው ትገባለች። ምግቧን ቤተሰብ ያቀርባል። ከ1987 እስከ 2008 የነበረው መዝገብ ኋላ ላይ ተጠንቷል። ከ24,148 ወሊዶች 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ነበሩ። በእነዚህ ዘንድ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ያህል እናት ስትሞት፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 1,333 ነበር። ሞቶ የሚወለደውም ከ1,000 ወሊድ በአንደኛው ወገን 17.6፣ በሌላው 191.2። እውነት ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸው፤ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይቻልም። ግን ነገሩም ይኸው ነው፦ ቀድሞ የታየችና ዘግይታ የደረሰች ሴት እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው መላ ተቃራኒው ነበር፦ ጠባቂዋን ወደ ሴትየዋ መላክ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ከመንግሥት እየተከፈላቸው። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የካርዳቸው ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማህደር አለው። የነፍሰ ጡሯ ካርድ ደግሞ በወራት በተከፋፈለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ቀጣይ ቀጠሮዋ በሚውልበት ወር ክፍል ይቀመጣል። ወሩ ደርሶ ካርዱ ከዚያው ካልተነሣ ሴትየዋ ቀርታለች ማለት ነው፤ ሠራተኛዋ ተነሥታ ትሄዳለች። ወገኖቼ፣ ይህ እኮ የዱቤ መዝገብ ነው! ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ሁሉ የሚሠራበት ዘዴ። ማን እንደከፈለ ሳይሆን ማን እንደቀረ የሚያሳይ መዝገብ።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2005 ከ100 ወሊድ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 48 ሆኑ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ2000 ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 871 ነበሩ፤ በ2016 412 ሆነዋል። የኤክስቴንሽኖቹ ብቻ ሥራ ነው አልልም፤ አምቡላንሱም፣ መንገዱም፣ አዋላጆቹም አሉበት። በ2019ም ግማሽ ያህሉ እቤት ይወልድ ነበር።

መድህኑስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ነገር ስለሚቀላቅል። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2010 ወጣ። ደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጣ የሚል ነበር፤ ሠራተኛው ስላጉረመረመ ሥራ መጀመሩ በየጊዜው እየተገፋ ቆየ። ለገበሬውና ለራሱ ሠርቶ ለሚያድረው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ግን በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ለአቅመ ደካማ የማይከብድ እንዲሆን ታስቦ የፌደራል መንግሥቱ በ25 በመቶ ደጎመው፤ ምንም ለሌለው ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አገር ተስፋፋ።

የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በጤና ጣቢያ ግን በሌላ በር ነው የገባው፦ ከክፍያ ነጻ ከተደረጉት አገልግሎቶች ጋር፣ ከመድህኑም በፊት። ስለዚህ የመንግሥት በጀት ወሊዱን ያዘ፣ መድህኑ ደግሞ ሌላውን በሽታ ያዘ። መድህኑ የሚከፍልበት መንገድ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ወደ ተቋሙ ትመጣለች፣ ትታያለች፣ ተቋሙ ይመዘግባል፣ ሂሳቡን ለመድህኑ ይልካል። ሂሳብ የሚነሣው ሰው በር ሲያልፍ ነው። ኤክስቴንሽኗ ኮረብታ ወጥታ «ደህና ነሽ?» ብላ ደህንነቷን አረጋግጣ ብትመለስ፣ ምንም አልተፈጠረምና ምንም ሂሳብ የለም። ምንም እንዳይፈጠር ማድረጉ ነው ሥራው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የሂሳብ ሠራተኛ በየትኛው መደብ እንደሚያስገባው አያውቅም።

ሦስተኛው መላ ስልክ ሆነ። በትግራይ 20 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና 12 አዋላጆች ስማርት ስልክ ተሰጥቷቸው የነፍሰ ጡሮቻቸውን መረጃ በስልኩ እንዲሞሉ የተደረገበት ሙከራ በ2013 ታትሟል። ኋላም ጤና ሚኒስቴር የእንጨቱን ሳጥን ሥራ ወደ ታብሌት ማዞር ጀመረ። ታብሌቱን የገዛው በአብዛኛው የለጋሽ ገንዘብ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የለጋሽ ፕሮጀክት የሚያልቅበት ቀን አለው፣ እርግዝና ግን የለውም።

ከጎረቤቶቻችን ሩዋንዳ ሩቅ ሄዳለች። በ2009 ሙሳንዜ በሚባለው ወረዳ የጀመረው አሠራር እያንዳንዱ መንደር ውስጥ ያለችው የእናቶች ጤና ሠራተኛ ነፍሰ ጡሯን በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንድትመዘግብ ያደርጋል፤ አደገኛ ምልክት ስትልክ መልእክቱ ወዲያው ጤና ጣቢያው ዘንድ ይደርሳል። ሩዋንዳ ሕዝቧን ሁሉ ለማቀፍ የተቋቋመ የጤና መድህንም አላት፣ ሚቱዌል የሚሉት። የመንደር ሠራተኞቹ ገንዘብ ግን ከመድህኑ አልነበረም፤ በማኅበራቸው በኩል ከመንግሥትና ከለጋሽ የሚመጣ ነበር። መድህኑ በእርግጥ በስልክ ለሚሰጥ ሕክምና መክፈል የጀመረው በ2016 ከገባው ባቢል ከሚባለው ድርጅት ጋር በተደረገው ውል ነው። ሰው እቤቱ ሆኖ ከነርስ ይነጋገራል፣ መድኃኒቱን በመልእክት ይታዘዝለታል። በ2020 የአሥር ዓመት ውል ተፈረመ። በ2023 የለንደኑ እናት ኩባንያ ሲከስር የሩዋንዳው አገልግሎትም ተዘጋ። ነጋዴ የሆነ ሰው ትምህርቱን ራሱ ያየዋል፤ አንድ አቅራቢ ላይ ብቻ አትንጠልጠል።

ለክትትሉ ራሱ ደረሰኝ የተሠራለት በአሜሪካ ነው። እዚያ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድህን በ2019 ለርቀት ክትትል የራሱ የሂሳብ ቁጥሮች ሰጠ፦ መሣሪያውን ለማስጀመር አንድ፣ መሣሪያው በየቀኑ ለሚልከው ልኬት አንድ፣ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ለምትደውልበት ጊዜ አንድ። ከዚያ ወዲያ «ዛሬም ደህና ናት» ማለት ሂሳብ የሚነሣበት ሥራ ሆነ። ነፍሰ ጡሮቹን የሚመለከተው ግን ሜዲኬይድ ነው፤ አነስተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍል የመንግሥት መድህን፣ ከአሥር የአሜሪካ ወሊዶች አራት ያህሉን የሚሸፍን። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ ሜዲኬይድ አሳሳቢ እርግዝና ላላቸው ሴቶች የርቀት ክትትል እንዲከፍል አዘዘች። አሌክሳንድሪያ የምትኖር የታክሲ ሹፌር ሚስት ግፊቷን እቤቷ ብትለካና ቁጥሩ ሐኪሟ ዘንድ ቢሄድ፣ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ያው የእኛ የጉደሌው ምሽት ሥራ።

እዚያም ቢሆን ታሪኩ ንጹሕ አይደለም። በእርግዝና ምክንያት ሜዲኬይድ ያገኘች ሴት ለብዙ ዓመታት ሽፋኗ ከወለደች በ60 ቀን ያበቃ ነበር። ለሴት ልጅ ክርስትና እንኳ አይደርስም! ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት ደግሞ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራትም ይመጣል። በ2021 የወጣ የፌደራል ሕግ ክፍለ ግዛቶቹ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቀደ፤ አብዛኞቹ አራዘሙ።

አሁን ወደ ጁባችን ልመለስ። ብዙዎቻችን የመጣነው ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ነው፣ ምግብ ቤትና ሆቴል፣ ውኃ በቦቴ፣ ሸቀጥ ስንነግድ። በ2006 በተደረገው ጥናት በደቡብ ሱዳን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 2,054 እናቶች ይሞቱ ነበር። አገሪቱ በ2011 ነጻ ስትወጣ በመላ አገሩ የተመዘገቡት አዋላጆች ከአሥር አይበልጡም ይባል ነበር። የጁባ የነርሶችና አዋላጆች ኮሌጅ በ2010 ተከፍቶ ያንን ማሻሻል ጀመረ፤ የዲሴምበር 2013ቱና የጁላይ 2016ቱ ውጊያ ግን ከሠለጠኑት ብዙዎቹን በታተነ። ያኔ ጁባ የነበረ ሰው ያስታውሳል፣ ሐኪም ቤት መሄድ ቀርቶ በር መክፈት ያስፈራ ነበር። ቦማ ጤና ኢንሼቲቭ የሚባለው ፕሮግራም በ2017 ተጀመረ፤ በየቦማው፣ እኛ ቀበሌ በምንለው ደረጃ ማለት ነው፣ የጤና ሠራተኛ ማሰማራት። ከእኛ ኤክስቴንሽን ጋር ዘመድ ነው። ደመወዙና መድኃኒቱ ግን በብዛት በለጋሾች ላይ የቆመ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት ለ2020 1,223 ነው፤ ከ2006ቱ ይሻላል፣ ከዓለም ግን አሁንም ከመጨረሻዎቹ ነው።

የ2011ዱ የሽግግር ሕገ መንግሥት መንግሥት ነጻ የመጀመሪያ ደረጃና የድንገተኛ ሕክምና ለዜጎች ሁሉ ይሰጣል ይላል። ለዜጎች። በተግባር የመንግሥት ሐኪም ቤት የውጭ ሰው አይመልስም፤ ጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የወለዱ እህቶች አሉን። ግን ጓንቱም፣ መርፌውም፣ መድኃኒቱም ከውጭ ተገዝቶ ሊመጣ ይችላል። ሁሉን የሚያቅፍ የሕዝብ ጤና መድህን እዚህ እስካሁን ሥራ ላይ የለም። የአገር ቤቱ ደግሞ ድንበር አይሻገርም፤ የማኅበረሰብ አቀፉ መድህን ከኢትዮጵያ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። እናቷ ወረታ ላይ መዋጮ የከፈለች ልጅ ጁባ ላይ ስታምጥ ያ ደብተር ወረቀት ነው። ሁለት መንግሥት መካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ጥላ ውጭ ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ አቅም ያላት ሰባተኛ ወሯ ላይ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፣ ወይም በኒሙሌ በኩል ወደ ካምፓላ ትሄዳለች፤ ሌላዋ እዚሁ ትወልዳለች።

ይህን ይዤ ነው እድራችን ስብሰባ ላይ የቀረብኩት። ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ መዝገቡ እጄ ላይ ነው። ሐሳቤ ትንሽ ነበር፦ በክንድ የሚታሰር መለኪያ ሁለት ይገዛ፤ የወለደች እህት በመጀመሪያው አሥር ቀን በየቀኑ፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት ሁለቴ ትለካ፤ ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ። 160 ወይም 110 ከደረሰ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ብርቱ የራስ ሕመም፣ የዓይን መጥበርበር፣ ከጎድን በታች ውጋት፣ የሚበዛ ደም ወይም ትኩሳት ካለ፣ ሳይጠበቅ ሐኪም ቤት። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ነው በብዛት የሚወጣው፤ ሴቶቻችን ከሐኪም ቤት ወጥተው እቤት በገቡበት ቀን ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ለማስያዣ የሚሆን ዶላር ለብቻው ይቀመጥ አልኩ።

አንድ ጋሼ የምንላቸው፣ እድሩን ከመሠረቱት አንዱ፣ ተነሡ። «ልጄ፣ እድር ለቀብር ነው። ሕክምና ከጀመርን መጨረሻ የለውም፤ ነገ ጥርስ ነው፣ ከነገ ወዲያ መነጽር ነው» አሉ። አልተሳሳቱም፤ መድህን የሚባል ነገር ሁሉ የሚፈራው ይህንኑ ነው፣ በር ተከፍቶ መዝጊያ ማጣትን። እኔ መልስ አልሰጠኋቸውም። ከመዝገቡ ላይ አንድ ገጽ አነበብኩ፦ ባለፉት ዓመታት የወገን አስከሬን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ እድሩ ያወጣውን፣ ቀኑንና መጠኑን። ስም አላነበብኩም። በመካከላቸው ሁለቱ አራሶች እንደነበሩ ቤቱ ያውቃል።

ጋሼ ሲቀመጡ «እንግዲያስ ለወሊድ ብቻ፤ ጥርስ አይገባም ብለሽ ጻፊ» አሉ። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ በሦስት ሰው ብልጫ አለፈ፣ ለስድስት ወር ሙከራ፣ እስከ 42ኛው ቀን ብቻ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጥርስ አይገባም ብዬ ጽፌያለሁ።

ደብተሩ አሁን እኔ ሱቅ፣ ከዱቤ መዝገቡ አጠገብ ነው። ሁለት ሴቶች ተመዝግበዋል፤ አንዷ ሙኑኪ ነች፣ ስምንተኛ ወሯ። ትናንት ማታ የላከችው 118 በ76 ነው። የሁለተኛዋ ስላልመጣ ዛሬ ሱቅ ስዘጋ በዚያው አልፋለሁ።